የደጀ ክፍት ችሎት

ሶፋ አዳሹን ሰፈሩ «ጠበቃው» ይለዋል። ሕግ ተምሮ እንዳይመስላችሁ፤ የተማረው አሮጌ ሶፋ መግፈፍና ማልበስ ነው። ግን ሰው «ይሄማ ይጣል» ያለውን ነገር ሁሉ እሱ «ቆይ እስቲ» ሳይል አያድርም። እግሩ የተሰበረ ወንበር ቢያመጡለት ዓይኑ የሚያርፈው ደህና በቀሩት ሦስት እግሮች ላይ ነው። ቤቱ በዚህ ዓይነት በተረፉ ዕቃዎች ተጣቦ፣ ባለቤቱ መዞሪያ አጥታለች። «እኔንም ሌላ ሰው ሲጥለኝ አንስተኸኝ ነው ወይ?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል እንጂ አይመልስም። ዝም አይነቅዝም ባይ ነው።

ሥራውን ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። ምስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ፣ ጨርቁን በፒንሳ እየነቀለ፣ የሶፋውን ሆድ ይከፍታል። ሞላውን አንድ በአንድ በመዳፉ ተጭኖ የደከመውን ይለያል። ከውስጥ የሚወጣውን ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ የሕፃን ካልሲ በፌስታል ቋጥሮ ለባለቤቶቹ ይመልሳል። ስፖንጅ ከመቁረጡ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ማነው የሚቀመጥበት?» ይላል። ደንበኛው ስለ ጨርቁ ቀለም ሊያወራ ሲመጣ እሱ ስለ አባትየው ወገብ ይጠይቃል።

የሚስቱ ታላቅ ወንድም ደግሞ «ፍሬን» ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ከተማሪው ጎን ተቀምጦ፣ የራሱን ፍሬን ከእግሩ ሥር አድርጎ፣ ስንቱን ፈሪ ሾፌር አደረገ፣ ስንቱን ደፋር ደግሞ ከግንብ አዳነ! ጡረታ የወጣውም እሱ እንጂ እግሩ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ሲሳፈር አሁንም ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ሾፌሮቹ ይናደዳሉ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ የሚኖረው እህቱና ጠበቃው ቤት፣ በስተኋላ ባለችው ክፍል ነው። ልጅ የለውም።

ሁለቱን አማቾች ያቆራኛቸው ዝምድናው ብቻ አልነበረም። ካርድ ነው። አዎ፣ ካርድ! ጭራቅ የተሳለበት፣ በፓኬት የሚሸጥ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚለዋወጡት ዓይነት። ሁለት ሽበታም ሰዎች በጭራቅ ካርድ ይጫወታሉ ሲባል የሰማ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ! ሳቅ አያከስርም። እነሱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ በወረቀት ካርቶኖች መሃል ተቀምጠው፣ ዓለምን ረስተው ይጫወታሉ።

ጨዋታው ሁለት ለሁለት ነው። እያንዳንዱ ሰው ካርዶቹን ደብቆ በእጁ ይይዛል። በመጀመሪያ አንድ የመነሻ ጭራቅ መርጦ ሜዳ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በየተራው ሌላ ይጥላል፤ ጭራቅ ከጭራቅ ይጋጠማል። ጓደኛህ ምን እንደያዘ ማየትም መጠየቅም ክልክል ነው፤ ከአጣጣሉ መገመት አለብህ። ጠበቃውና ፍሬን በዚህ የሚስተካከላቸው አልነበረም። አንዱ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ሌላው ይገባው ነበር።

የቅዳሜዎቹ ሰዎች፣ ማለትም ሁለቱ አማቾች፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤትና አንድ ወጣት የሒሳብ አስተማሪ፣ የራሳቸው ወግ አላቸው። አዲስ ጭራቅ በመጣ ቁጥር ጥቅም ይኑረው አይኑረው ሳይጣራ ጠረጴዛው ላይ አይወጣም፤ ችሎት ይቀርባል። ካርዱ ስቴፕለር ላይ ተደግፎ መሃል ይቆማል። ከሳሽ ይከሰዋል፣ ጠበቃ ይከራከርለታል፣ በመጨረሻ እጅ ይወጣል። ነጻ የወጣ ወደ ጨዋታው ይገባል። የተፈረደበት «ወህኒ» ወደሚሉት የጫማ ካርቶን ይወረወራል፤ ይግባኝ የለም። ከሳሹ ሁልጊዜ ፍሬን ነው። «ይሄ ጭራቅ ነው ወይስ የተቆጣ ጎመን?» ብሎ ሲጀምር ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ጠበቃው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ነገር ተበላሸ። ጨዋታው መሃል ላይ ፍሬን ብድግ አለ።

«ካርዴን ማን ወሰደው? ባለ ክንፉ እዚህ ነበር!»

ባለ ፎቶ ኮፒዋ ወረቀቶቿን አነሳሳች። አጠገቡ የተቀመጠው አስተማሪ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ፍሬን አስተማሪውን አፍጥጦ አየውና፣ «ከጎኔ የተቀመጥከው አንተ ነህ» አለው። ካርዱ በራሱ በፍሬን ግራ እጅ ውስጥ ነበር። ይህን ጊዜ ሁሉም አዩት፤ ያላየው ባለቤቱ ብቻ ነው። ጠበቃው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ግራ እጅህን እየው» አለው። አየው። ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ሳይቀልድ ጨረሰ።

ይሄ የመጀመሪያው አልነበረም። ተራው ሲደርስ «ማነው ባለ ተራ?» ይላል፤ ትልቁን ጭራቁን በማይረባ ቦታ ይጥልና ሌላ ዙር ላይ ደግሞ ይፈልገዋል። ሐኪሙ ለእህቱና ለጠበቃው እውነቱን ነግሯቸዋል። እየባሰበት ይሄዳል እንጂ አይመለስም፤ ሰው መሃል ይዋል፣ የለመደውን አታስተዉት፣ ብሏል። ለፍሬን ግን ማን ይንገረው? ሆድ ይፍጀው ተባለ።

የዚያን ዕለት የሒሳብ አስተማሪው ጠበቃውን በር ላይ ጠበቀው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ቃላቱን እየመረጠ ነው የተናገረው።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። ከሌላ ሰፈር ቡድኖች ጋር የምንጋጠምበት የካርድ ውድድር ደርሷል። እርስዎ ከኔ ጋር ቢጫወቱ፣ ጋሽ ፍሬን ደግሞ እንደ ዳኛ ነገር ቢቀመጡስ? ክብር አላቸው እኮ። የሚመጣው ቅዳሜ ብንወስን...»

ጠበቃው «እስቲ» ብሎት ሄደ። ለሚስቱ ሲነግራት የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀመጠች።

«ከዚያ ጠረጴዛ ከተነሳ ከክፍሉም አይወጣም» አለች። «ወንድሜን አውቀዋለሁ። ግድግዳ ሲያይ ይውላል። አንተ ለጭራቅ ሁሉ ስትሟገት የኖርክ ሰውዬ፣ ለሱ አንድ ነገር ታጣለህ?»

ሙሉ ሳምንቱን ሲሠራ የቆየው እጁ ነው፤ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ግማሽ በተገፈፈ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አዲስ ፓኬት ከፈተ። ከውስጡ ደጀ ክፍት ወጣ። ሰሞኑን ፓኬት የከፈተ ሁሉ የሚያገኘውና የሚያማርረው ጭራቅ ነው። ቤት የሚያክል ሆድ አለው፤ ሆዱ ላይ በር፤ በሩ አይዘጋም። ፊቱ እንቅልፉን ያልጨረሰ ሰው ፊት ነው። ኃይሉ ከጫጩት አይሻልም። ችሎታው ከሥዕሉ ሥር ተጽፏል፤ ይህ ጭራቅ ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ ሁለቱ ጓደኛሞች ካርዳቸውን ሁሉ ገልጠው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋሉ፤ ጮክ ብለው መመካከርም ይችላሉ። አስተማሪው ይህን ሲያነብ፣ «መጽሐፍ ሳነብ ያቆምኩበት ገጽ ላይ ምልክት ይሆነኛል፣ ሌላ ጥቅም የለውም» ብሎ ነበር።

ጠበቃው ግን ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ምስማሩን ከከንፈሩ አውጥቶ ሦስተኛ አነበበው።

ማታ ራት ሳይቀርብ ሚስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። «እኔ ወጥ ልሥራ ወይስ ጭራቅ ልግደል?» እያለች ተቀመጠች። ካርዶቿን ገልጣ ዘረጋች። የትኛው የት እንዳለ ማስታወስ አላስፈለጋትም፤ ሁሉም ዓይኗ ሥር ነው። ስትሳሳት ይነግራታል፤ ማንም አይከለክለውም፤ ሕጉ ራሱ ፈቅዷል። ጥቂት ዙር እንደተጫወቱ እጇን ከካርዱ ላይ አነሳች።

«ለወንድሜ ነው አይደል?» አለች። ደግሞም አለቀሰች። እሱም የማይገባ ካርድ ጣለ።

አሁን የቀረው ችሎቱ ነው። ካርዱ ነጻ ከወጣ ጠበቃው በየጨዋታው የመነሻ ጭራቅ ያደርገዋል፤ ፍሬንም ከወንበሩ አይነሳም። ከተፈረደበት ግን ወህኒ ነው፤ ፍሬንም ዳኛ ተብሎ ጥግ ይቀመጣል። ችግሩ፣ የካርዱ ከሳሽ ፍሬን ራሱ ነው። ሌላው ችግር፣ ለካርዱ ያለው እውነተኛ መከራከሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ በሰው ፊት መናገር አማቹን ገበያ መሃል ማራቆት ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ባለ ፎቶ ኮፒዋ የመጨረሻውን ደንበኛ ሸኝታ፣ ማሽኗን አጥፍታ ገባች። ችሎቱን የምትመራው እሷ ናት። ደጀ ክፍት ስቴፕለሩ ላይ ተደግፎ እንቅልፋም ፊቱን አሳየ።

«ከሳሽ ይናገር» አለች።

ፍሬን ተነሳ። ያን ዕለት ደህና ቀኑ ነበር፤ ዓይኑ ጠርቷል፣ ሸሚዙ ተተኩሷል። ካርድ መመዘን መቼም አልጠፋበትም። የሚጠፋበት በእጁ ያለው ነው እንጂ ፊቱ የቆመውንማ እንደ ጥንቱ ይገሸልጠዋል።

«ክቡራን ዳኞች» አለ። «አንደኛ፣ ይሄ ጭራቅ አይመታም። ሁለተኛ፣ ሲመቱት አይቆምም። ሦስተኛ ግን ከሁሉ ይብሳል። የኛን እጅ ለጠላት ገልጦ ያሳያል! ጠላት ያለኝን ሁሉ አይቶ፣ መርጦ፣ ተዝናንቶ ያርደኛል። ይሄ ጭራቅ አይደለም፤ ደሞዝ የማይከፈለው ሰላይ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ይሄ ግን ጅቡን ቤት ድረስ መርቶ ያመጣል!»

አስተማሪው ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ባለ ፎቶ ኮፒዋም አፏን ያዘች። ፍሬን እየተጎነበሰ ተቀመጠ።

ጠበቃው ቀስ ብሎ ተነሳ። ከመቼውም በላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከመቼውም በላይ ባዶ ሆነ።

«መመካከር... ጥሩ ነው» አለ። «ሁለት ራስ ከአንድ ይሻላል።»

«ምን የሚያማክረን ነገር አለ?» አለ ፍሬን ከተቀመጠበት። «እኔና አንተ ሳንነጋገር ስንግባባ አልኖርንም?»

ይቺ ቃል ጠበቃውን ወጋችው። ኖረዋል እኮ። እውነቱን ነው።

«ጠላት ካርዳችንን ሲያይ... ይፈራል» ብሎ ቀጠለ። እሱም ራሱ አላመነበትም።

አስተማሪው እጁን አወጣ። ልማዱ ነው፤ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን እጃችሁን አውጡ ሲል እየዋለ ለራሱም ተጣብቆበታል። «ጋሼ፣ ሁልጊዜ እርስዎ የሚሉንን ልጠይቅዎ። ማነው የሚይዘው? ለምን ዓይነት ተጫዋች ይጠቅማል?»

ጠበቃው አስተማሪውን አየ፤ ካርዱን አየ፤ አማቹን ግን ማየት አልቻለም። ጆሮው ቀላ። ሰው በምስክር ሳጥን ውስጥ ቆሞ ቢያልበው እንዲህ አያልበውም።

«ለኔ» አለ በመጨረሻ።

«ለእርስዎ?»

«ለኔ። ሰሞኑን እየረሳሁ ነው። በእጄ የያዝኩት ይጠፋኛል። ተራዬ መድረሱን አላውቅም። ነገሩ ያሳፍራል፣ ግን... እንዲህ ተዘርግቶ ካየሁት፣ አማቼም ከነገረኝ፣ ከናንተ ጋር ትንሽ ልቆይ እችላለሁ። ከጠረጴዛው እንዳልነሳ ነው። ሌላ ጥቅም የለውም፤ ክሱ ሁሉ ትክክል ነው።»

ይህን ብሎ ተቀመጠ። ባለ ፎቶ ኮፒዋ አንገቷን ደፋች። አስተማሪው እጁን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው። ሁለቱም ገብቷቸዋል።

ፍሬን ግን አማቹን ትክ ብሎ አየው። የተረሳ ነገር የሚፈልግ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ፣ «አንተ?» አለ። «አንተ ትረሳለህ? ባለፈው ክረምት የሠራኸው ሶፋ ስንት ምስማር እንደፈጀ ብትጠየቅ ትናገራለህ። የልደት ቀኔን የምታስታውሰኝ አንተ ነህ። ውሸታም!»

«እውነቴን ነው» አለ ጠበቃው፣ ድምፁ ሳይወጣ።

«ውሸትህን ነው። ስትዋሽ አንገትህን ታካለህ፤ እያከክ ነው።» ፍሬን እንደገና ተነሳ። በዚህ ጊዜ ክቡራን ዳኞች አላለም። «የምረሳው እኔ ነኝ» አለ። «ባለፈው ባለ ክንፉ በእጄ ነበር። ይሄን ልጅ ሌባ አድርጌዋለሁ። ቤት ገብቼ እስኪነጋ አልተኛሁም። አውቃለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም ሰው ራሱ ሲፈርስ ይሰማዋል። ዝም ያልኩት እናንተ ዝም ስላላችሁ ነው።» ካርዱን ከስቴፕለሩ ላይ አነሳና አቅርቦ አየው። «ካርዱ የማይረባ ነው። ክሴን አላነሳም። ግን እኔ ከዚህ መነሳት አልፈልግም። ድምፄን ለሱ ሰጥቻለሁ።»

ሌላውን እጁን አወጣ። አስተማሪው ተከተለ። ባለ ፎቶ ኮፒዋ እጇን አውጥታ ባወጣችው እጅ ዓይኗን ጠረገች። ጠበቃው መቼም አልዘገየም። እንዲህ ያለ ፍርድ በዚያ ጠረጴዛ ተሰጥቶ አያውቅም፤ ከሳሹም፣ ጠበቃውም፣ ዳኛዋም አንድ ሆኑ። ስለ ዳኛ ወንበር ያን ዕለት ያነሳ አልነበረም፤ ከዚያም ወዲህ የለም።

ጨዋታው ተጀመረ። ጠበቃው ደጀ ክፍትን የመነሻ ጭራቅ አድርጎ አስቀመጠ። ሁለቱ አማቾች ካርዶቻቸውን ገልጠው ዘረጉ። ከፊታቸው አስተማሪውና ባለ ፎቶ ኮፒዋ ካርዳቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈዋል። ፍሬን የጠበቃውን ካርዶች ለመጀመሪያ ጊዜ ተገልጠው ሲያይ ጮኸ።

«ይሄን ሁሉ ይዘህ ነው የምታስመታኝ? አንተ ሰውዬ፣ ባለ ጋሻው እጅህ ላይ ሻገተ እኮ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ላንተ ነው። ጣለው!»

ጠበቃው ጣለው። ልክ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ የፍሬን ዓይን እንደገና ተጋረደ። እጁ ባለ ክንፉ ላይ አረፈ፤ ሊጥለው አነሳው። ቦታው አልነበረም። ጠበቃው አፉን ሳይከፍት ባለ ፎቶ ኮፒዋ ቀደመችው።

«ጋሼ፣ እሱን አይጣሉት! በቀጣዩ ዙር እኔን የሚመቱበት እሱ ነው። ያኛውን፣ ባለ ጅራቱን ይጣሉ» አለች።

«ምን እያልሽ ነው?» አለ አስተማሪው። «የኔ ጓደኛ ነሽ ወይስ የሳቸው?»

«ዝም በል፤ ካርዳቸውን እያየሁ እንዴት ዝም ልበል?»

ፍሬን ባለ ጅራቱን ጣለ። በቀጣዩ ዙር በባለ ክንፉ መታት፤ አጨበጨበችለት። በመጨረሻ እነ ጠበቃው ተሸነፉ፣ ያውም በሰፊው። አስተማሪው ተነስቶ ፍሬንን ጨበጠው፤ ፍሬን እጁን ሳይለቅ «ሌባ አይደለህም» አለው። «አውቃለሁ ጋሼ» አለ ልጁ።

ሲወጡ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሁለቱ አማቾች በእግራቸው የቤታቸውን መንገድ ተያያዙት። ሱቆቹን፣ የአውቶቡስ ፌርማታውን፣ የተቆፈረውን መንገድ አለፉ።

«ሐኪሙ ይመለሳል አላለም፣ አይደል?» አለ ፍሬን።

«አላለም።»

«እሺ። ካርዴን ስረሳ ትነግረኛለህ። ገባኝ። አንተን የረሳሁ ቀንስ?»

ጠበቃው እርምጃውን ከአማቹ እርምጃ ጋር አስተካከለ።

«እንደ አዲስ እንተዋወቃለና» አለ። «መጀመሪያስ ስንተዋወቅ ወደኸኝ ነበር እንዴ? እህትህን ልጠይቅ ስመጣ በር ላይ አቁመህ፣ "ሶፋ ሰፊ ከሆንክ በጓሮ ዙር" ብለህኛል። ቀስ በቀስ ነው የለመድከኝ። ድጋሚ ትለምደኛለህ፤ እኔ የትም አልሄድም።»

ፍሬን ቆመና ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ።

«እሱን አልረሳሁም» አለ። «አሁንም ብዙም አልወድህም።»

ይህን ብሎ የአማቹን ክንድ ያዘ፤ ቤት እስኪደርሱም አልለቀቀውም።